ለጽጌ እጅ የተተወ ክፍተት

ጥቁር አዝሙድ ልገዛ ነበር ቅመም ተራ የወረድኩት። ዙሪያው ፎቅ በፎቅ ቢሆንም ውስጡ ያው ነው፤ በርበሬው ያስነጥሳል፣ ኮረሪማው ከሩቅ ይጣራል፣ ተሸካሚው "ጎን፣ ጎን" እያለ ትከሻን ታክኮ ያልፋል። ፌስታል ከተከለከለ ወዲህ ወረቀት ተመልሶ መጥቷል። ሻጯ ከጀርባዋ ካለው ክምር አንድ ሉህ ስባ፣ እንደ ድሮው ጫፉን አሹላ ጠቀለለችና አዝሙዱን አንቆርቁራ ሰጠችኝ። ወረቀቱን ልብ ያልኩት ቤት ገብቼ ወደ ጠርሙስ ስገለብጥ ነው። በእንግሊዝኛ ታይፕ የተመታ ሠንጠረዥ ነበር። መጀመሪያ ያወቅኩት መኪናውን ነው፤ አንዷ ፊደሉ ከመስመሩ ትንሽ ከፍ ብላ የምትቀመጥ የጽሕፈት መኪና ሌላ አላጋጠመኝም፣ ጣቶቼን ለዓመታት የሰጠሁት ለእሱ ነው። ቀጥሎ ምልክቶቹን አየሁ። በታይፕ በተመቱት ቁጥሮች መካከል በጥቁር ቀለም በእጅ የተጻፉ ነበሩ፤ አንዷ ሁለት ዘንግ አቆላልፋ ትንሽ ሁለት ቁጥር ትከሻዋ ላይ ያዘለች፣ ሌላዋ አፏን ወደ ቀኝ የከፈተች። የሰው እጅ ናቸው ብሎ የሚጠረጥር የለም፤ ያን ያህል እኩል ናቸው። "ጽጌ" አልኩ ብቻዬን፣ ለጠርሙሱ። ከዚያ ወደ ታች ስወርድ አራተኛው ረድፍ ላይ ዓይኔ ቆመ። ከፒ በኋላ፣ ከዜሮ ነጥብ ዜሮ አምስት በፊት፣ አንድ ምልክት የሚያህል ቦታ ባዶውን ቀርቷል።

ጋሼ ደምሴ የጽሕፈትና የማባዣ ቤት የነበራቸው ከመሳለሚያ ዝቅ ብሎ፣ ከጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በላይ፣ ደረጃው እያቃሰተ በሚወጣበት ፎቅ ላይ ነው። ከታች ካሴት ቤት ነበር። አዲስ ካሴት የወጣ ሳምንት አንዱን ዘፈን ከጠዋት እስከ ማታ ስለሚደጋግሙት እኛም ሳንወድ በምቱ እንተይብ ነበር፤ ዘገም ያለ ከተለቀቀ ሥራው አይገፋም። ጋሼ ደምሴ በመስኮት አንገታቸውን ያወጡና "እናንተ ልጆች፣ የሚያስጨፍር የላችሁም እንዴ? ሴቶቼ እያንቀላፉብኝ ነው" ይላሉ። ቤቱ የካርቦን ወረቀትና የማባዣ ቀለም ይሸታል፤ ያ ሽታ ከሹራብ አይለቅም። ትከሻው ላይ ስፖንጅ ያለው ሸሚዝ የሚለበስበት ጊዜ ነበር፤ እኔም አንድ ሐምራዊ ነበረኝ፣ ታይፕ ስመታ ስፖንጁ እየተንሸራተተ ደረቴ ላይ ይወርዳል፣ ጽጌ ትስቃለች። እሷ ዘወትር ግራጫ ሹራቧን እጅጌውን እስከ ክርኗ ሰብስባ ነው የምትቀመጠው። ቦምቦሊኖ ስሙኒ ነበር፤ አንዱን ለሁለት እንቆርሳለን። ቅባት ያለው ጣት ግን ወረቀት ስለማይነካ እሷ የሷን በፎጣ ይዛ ነበር የምትበላው።

ሥራችን በብዛት የመመረቂያ ጽሑፍ ነበር። ተማሪዎቹ በእጃቸው የጻፉትን ይዘው ደረጃውን ይወጣሉ፤ ገሚሱ ጽሑፍ፣ ገሚሱ ሠንጠረዥ ነው፣ በሠንጠረዡ ላይ ደግሞ የስታትስቲክስ ፈተና ውጤት ይደረደራል። የእንግሊዝኛው መኪና ፊደልና ቁጥር እንጂ እነዚያ ምልክቶች አልነበሩትም። ስለዚህ የቤቱ አሠራር እንዲህ ነበር፤ እኔ እየመታሁ ምልክት ያለበት ቦታ ስደርስ ክፍተት ትቼ አልፋለሁ፣ ገጹ ከመኪናው ሲወጣ ወደ ጽጌ ጠረጴዛ ይሄዳል፣ ጽጌ በብዕር ትሞላዋለች። የምልክቶቹን ስም አናውቅም ነበር። ካይ የሚሏትን ግሪክኛዋን ፊደል "መቀስ" እንላት ነበር፣ ያንሳል ይበልጣል የምትለዋን ደግሞ "አፍ"። ጽጌ ብዕሯን በአውራ ጣቷ ጥፍር ላይ ትሞክርና፣ ትንፋሿን ያዝ አድርጋ፣ በሁለት ጭረት ትጨርሳታለች። ከመጻፏ በፊት ለብዕሩ የምትነግረው ይመስል ቀስ ብላ "ጫፏ ከመስመሩ፣ አፏ ከቁጥሩ ሳይበልጥ" ትላለች። ሁሌም። ከሌላ ሰፈር ድረስ የሚመጡ ተማሪዎች ነበሩ፣ ዋጋ ከመጠየቃቸው በፊት "ምልክቱን የምትጽፈው ጽጌ ናት?" የሚሉ።

ሁሉም ሲያልቅ እናናብባለን። እሷ የተማሪውን ረቂቅ ይዛ ታነባለች፣ እኔ በታይፕ የተመታውን በጣቴ እከተላለሁ፤ "መቀስ፣ ሁለት ከላይ፣ እኩል ይሆናል፣ ስድስት ነጥብ አራት ሁለት። ፒ፣ አፍ ወደ ቀኝ፣ ዜሮ ነጥብ ዜሮ አምስት።" የማይነበብ ካጋጠመ ጋሼ ደምሴ አንድ ቃል ብቻ ነበራቸው፤ "አትገምቱ።" ባዶውን ይተዋል፣ ባለቤቱ ሲመጣ ይጠየቃል። ጽጌ ግን ከዚያም አልፋ ትጠይቅ ነበር። አንዱን መነጽር ያደረገ ተማሪ "ይቺ አፍ ምን ማለት ናት?" አለችው።

"ሲግኒፊካንት ነው ማለት ነው።"

"እሱስ ምን ማለት ነው?"

ልጁ ትንሽ አሰበና "አማካሪዬ የሚወደው ማለት ነው" አላት። ከዚያ በኋላ ጽጌ ያማረ ነገር ባየች ቁጥር ሲግኒፊካንት ነው ትል ነበር፤ ጫማ ሲያምራት፣ ሻይ ሲጥማት። ሳቁ ሳቅ ነው። ጥያቄው ግን አልለቀቃትም፤ በቀን ስንቴ የምጽፈውን ነገር ሳላውቀው ልሙት እንዴ ትለኝ ነበር።

ሁለታችንም ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆምን ነበርን፤ በየራሳችን ምክንያት፣ ምክንያቱም ያው የቤት ጉዳይ። ጋሼ ደምሴ አንድ ዓመት፣ የትምህርት መጀመሪያው ሰሞን፣ ከሁለታችሁ አንዳችሁ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ወጥታ ማታ ብትማር አልከለክልም አሉ። ሁለታችንን መልቀቅ አይችሉም፤ ሥራው የሚበዛው ሲመሽ ነው። ተራው በቆይታ የጽጌ ነበር፣ በዕድሜም ትበልጠኛለች። ይህን ሳትሰማ አልቀረችም መሰለኝ ጥቁር ባለማሰሪያ ጫማ ገዝታ ነበር፣ ጠረጴዛዋ ሥር ካርቶን ውስጥ አስቀምጣው በየሰዓቱ ትከፍትና ታያለች። በማግሥቱ ጋሼ ደምሴ አጠገቧ መጥተው ቆሙ። "ጽጌዬ፣ አስቤው ነበር" አሉ፤ "አስካለ ብትወጣ የሚመታ ሰው አላጣም። ያንቺን እጅ ግን ከየት ላምጣ? ክፍተቱን ማን ይሞላልኛል?" ክፋት አልነበረባቸውም። ከልባቸው ማድነቃቸው ነበር፣ እሷም እንደ አድናቆት ነው የሰማችው፤ ፊቷ እስኪቀላ ደስ ብሏት ነበር። አሁን የሚያንገበግበኝ ያ ደስታዋ ነው።

"እንግዲያ አንቺ ቅደሚ" አለችኝ። "የሚመጣው ዓመት እኔ። ጫማውንም ውሰጂው፣ ይጠበኛል።"

ጫማው ለእኔ ሰፋኝ። ጫፉ ላይ ጋዜጣ ጠቅጥቄ ነበር የማደርገው። እግሯ ከእግሬ እንደሚያንስ ደግሞ ሁለታችንም እናውቃለን፣ ታዲያ እንዴት ይጠባታል እል ነበር፣ ጫማ ተዋውሰን ስለማናውቅ ግን እርግጠኛ አልነበርኩም። ዘንድሮ እንኳ እርግጠኛ አይደለሁም።

አንድ ውል ብቻ አስገባችኝ፤ የተማርኩትን በማግሥቱ ልነግራት፣ በተለይ አፏን። ዘጠነኛ ክፍል አፏን አገኘናት። "ያንሳል ማለት ነው" አልኳት፣ ጠዋት ገና ሹራቤን ሳላወልቅ።

"ምን ከምን ያንሳል?"

"ፒ፣ ከዜሮ ነጥብ ዜሮ አምስት።"

"ፒ ማናት?"

"እሷ ላይ ገና ነን።"

ከዚያ ወዲያ ይቺ የጠዋት ሰላምታችን ሆነች። ደረጃውን ወጥቼ ሳልቀመጥ፣ ብዕሯን ጥፍሯ ላይ እየሞከረች፣ ቀና ሳትል "ደረሳችሁ?" ትለኛለች። "ገና" እላለሁ። አሥረኛ ክፍልም ገና ነበር። አልጀብራ ነበር፣ ማዕዘን ነበር፣ ፒ አልነበረችም።

የጽጌ ተራ በዓመቱ አልመጣም፤ የጽሑፍ ወቅት ገፍቶ ሥራው በዛ። በሌላው ዓመት ኮምፒውተር መጣ። ጋሼ ደምሴ ዳንቴል አልብሰው አመጡት፣ ጎረቤት ሁሉ ሊያየው ወጣ። ምልክቶቹ በሙሉ ውስጡ ነበሩ። መቀሷም አፏም ቁልፍ ሲነካ ወረቀቱ ላይ ይወጣሉ፣ እኩል፣ ጥቁር፣ ሳይደክሙ። ጋሼ ደምሴ ጽጌን ሂጂ አላሏትም፣ አይሉምም። ጠረጴዛዋ ላይ የሚመጣ ገጽ ግን ቀረ። ጥቂት ሳምንት እርሳስ ስትቀርጽ፣ የታተመ ስትደረድር ቆየች፣ ታይፕም ሞከረች፣ ጣቷ ግን የለመደው መንቀርፈፍ ነው። አንድ ሰኞ አልመጣችም። እህቷ አትክልት ተራ ሽንኩርት ታከፋፍል ነበር፣ እሷ ጋ ገባች። ማታ ትምህርት እንዳትጀምር ደግሞ አትክልት ተራ የሚሠራ ሰው ጎህ ሳይቀድ ነው የሚነሳው፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይተኛል። እንግዲህ ያ እጅ ነው፣ ሲፈለግ ከትምህርት ያስቀራት፤ መፈለጉ ሲያበቃ የትም ያላደረሳት።

እኔ እየተንቀራፈፍኩ አሥራ ሁለተኛን ጨረስኩ፣ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ በማታው ክፍል ስታትስቲክስ ገባሁ፤ ከአጠገቤ የሚቀመጡት የልጅ ያህል ነበሩ። አንድ ምሽት አስተማሪው ሰሌዳው ላይ ጻፋት። ፒ፣ አፍ ወደ ቀኝ፣ ዜሮ ነጥብ ዜሮ አምስት። ጠመኔው ሲጮህ እንባዬ መጣ፣ አቧራው ነው ብዬ ዓይኔን አሸሁ። በዚያው ሳምንት ገና ሳይነጋጋ አትክልት ተራ ሄድኩ። ጭነት መኪናው ቆሞ ይራገፋል፣ ጋሪው ይንጫጫል፣ ጽጌ እርሳስ ጆሮዋ ላይ ሰክታ በተሸካሚዎቹ ላይ ትጮሃለች። ድምፅ እንዳላት ያወቅኩት ያኔ ነው። "ጽጌ፣ ደረስን እኮ" አልኳት። መጀመሪያ ፊቷ በራ። ከዚያ አንድ ማዳበሪያ ከላይ ተንከባልሎ ወረደና ሽንኩርቱ መሬት ላይ ተበተነ። "አሁን አይደለም አስኩ፣ ጭነት ላይ ነኝ" አለችኝ እየሮጠች። ከዚያ በኋላ የምንገናኘው በለቅሶ ቤትና በሠርግ ነበር። ለቅሶ ቤት ደግሞ ስለ ፒ አይወራም።

ከተመረቅኩ በኋላ በሠራሁበት የጥናት መሥሪያ ቤት ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሥራዬ ከኮምፒውተሩ መስኮት ላይ የፈተናውን ውጤት እያየሁ ሪፖርቱ ላይ መገልበጥ ነበር። ከጽሕፈት ቤቱ የተሻለ አልነበረም፤ የባሰ ነበር፣ የሚያናብበኝ የለማ። ቁጥር ይዛወራል፣ ነጥብ ይዘለላል። አብራኝ የምትሠራ ሜሮን የምትባል ወጣት ናት "እትዬ አስካለ፣ ለምን ኮድ አይጽፉለትም? ውጤቱን ራሱ አንስቶ፣ ራሱ አስተካክሎ ሪፖርቱ ውስጥ ይጽፈዋል" ያለችኝ። ጡረታ ልወጣ ጥቂት ሲቀረኝ ፓይተን የሚሉትን የኮድ ቋንቋ ተማርኩ። እሷ ሦስት መስመር ይበቃል ባለችው ላይ እኔ ብዙ ጻፍኩ። የፈተናው ቁጥር ከነጥብ በኋላ ሁለት አሃዝ ይኑረው። ፒ ሦስት አሃዝ ይኑራት። በጣም ስታንስ ዜሮ ነጥብ ዜሮ ዜሮ ዜሮ ተብሎ አይጻፍ፣ ምንም እንደሌለ ያስመስላልና፤ ከዜሮ ነጥብ ዜሮ ዜሮ አንድ ታንሳለች ይባል። ምልክቱ በፊትና በኋላው እኩል ክፍተት ይኑረው። ከውጤቱ አንዱ ከጎደለ ኮዱ በራሱ አይሙላው፤ ቦታውን ባዶ ትቶ "ባለቤቱ ይጠየቅ" የሚል ይጻፍበት። ሜሮን አየችውና "እርስዎ ሕገ መንግሥት ነው የጻፉት" አለችኝ። ከዚያ ከላይ ያለውን ስሙን አነበበች። "ጽጌ ምንድን ነው? የምን ምህጻረ ቃል ነው?"

"ሰው ናት" አልኳት።

እስካሁን ይሠራል አሉ። የመቶ ሠንጠረዥ ውጤት ይሰጡታል፣ ሻይ ሳይፈላ መቀሱንና አፉን በየቦታው ደርድሮ ያወጣል። እኔ ግን ሲሠራ ባየሁት ቁጥር የሚሰማኝ ኩራት አልነበረም። ወንበሯን ሸጬ በስሟ ድግስ እንደማብላት ያለ ነገር ነበር።

አዝሙዱን ካፈሰስኩ በኋላ ወረቀቱን አስተካክዬ ከጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት፣ ላፕቶፔን ከፈትኩ። የነጋዴ ልጆች ነበሩ የተጠኑት፣ ሱቅ የሚያግዙና የማያግዙ፤ አራተኛው ረድፍ ላይ ሁለት ነጥብ ዘጠኝ አንድ ይላል። ለጽጌ ሰጠኋት፤ ለኮዱ ማለቴ ነው። ፒዋን አስልታ ዜሮ ነጥብ ዜሮ ስምንት ስምንት ብላ መለሰችልኝ። ያን ዕለት የተማሪው ጽሕፈት አልለይ ብሎን ለመጠየቅ የተውነው መሆን አለበት፤ መጥቶ ሲወስድ አልጠየቅነውም። ወረቀቱን ደረቴ ላይ በብርድ ልብስ እንደሚያቅፉት ሕፃን ይዤ ታክሲ ገባሁና መሳለሚያ ወረድኩ።

ጽጌ የምትኖረው ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ከልጇ ጋር ነው። በር ላይ ፀሐይ እየሞቀች አገኘኋት። ወረቀቱን መነጽሯን ሳታደርግ ተቀበለችኝ፣ ቅመሙን አሸተተችው።

"ይቺ መቀስ የኔ ናት" አለች።

"ታይፑ የኔ ነው።"

"ያንቺማ ያስታውቃል፣ ፊደሏ እንደተንጠለጠለች ናት።" ጣቷ ወርዶ ባዶው ላይ ቆመ። ጣቷ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ከብርድ መስሎኝ ነበር፣ አይደለም። "ይሄስ? ሳይጠየቅ ሄደ?"

"ሄደ።"

"እንዲህ ክፍቱን ኖረ?"

"እስከ አዝሙዱ ድረስ።"

ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። "ጽጌ፣ ደርሰናል" አልኳት።

"የት ነው የደረስነው?"

"ፒ ማናት ያልሽኝ።"

ከአጠገቧ ያለውን ዱካ በእግሯ ወደ እኔ ገፋችው። ተቀመጥኩ። "ሁለት መኪና ሽንኩርት መጣልሽ እንበል" አልኳት፤ "ከሁለቱም እፍኝ እፍኝ አነሳሽ፣ ከአንዱ እፍኝ የበሰበሰው በዛ። መኪናዎቹ በርግጥ ይለያያሉ ወይስ እጅሽ እንዲሁ ገጥሞት ነው? ሁለቱም አንድ ዓይነት ቢሆኑ ኖሮ፣ ይሄን የሚያህል ልዩነት እፍኝሽ ውስጥ ስንት ጊዜ ይገኝ ነበር? ፒ እሷ ናት። በጣም ስታንስ፣ እንዲሁ የገጠመ አይመስልም ይላሉ።"

"እንግዲያ አፏ እንዲሁ የገጠመ አይደለም ነው የምትለው።"

"በትክክል እንደዚያ እንኳ..." ጀመርኩና ተውኩት።

"ጨርሺው፣ ሳታርሚኝ አታድሪም" አለች። ከዚያ ወደ መንገዱ ዞራ፣ ለኔ ይሁን ለራሷ ባልለየሁት ድምፅ፣ "ዕድሜዬን ሁሉ እንዲሁ የገጠመ አይደለም፣ እንዲሁ የገጠመ አይደለም እያልኩ ስጽፍ ነዋ የኖርኩት" አለች። የሚኒባስ ረዳት ከማዶ ይጣራል። "እጄ ማማሩ ነው ያኔ ያስቀረኝ። እስቲ የሱ ፒ ስንት ይመጣል? ያንቺ ኮድ ያወጣዋል?"

ቀልድ አድርጋው ነበር። ብስቅ ይሻል ነበር፣ እኔ ግን አሰብኩበት። "አንድ ሰው ብቻ ሲሆን አይሰላም" አልኳት።

"አይሰላም" አለች፣ ራሷን ነቀነቀች። "ልክ ነሽ።"

ከዚያ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። "ይቺኛዋስ?"

"አፏ ወደ ግራ ነው። ፒ ትበልጣለች። እንዲሁ የገጠመ ሊሆን ይችላል።"

"ወደ ግራ ስንቴ ጽፌአለሁ? እምብዛም።" ብዕር ሰጠኋት። ከክፍተቱ በላይ አደረሰችው፣ ጫፉ አየር ላይ ይርገበገባል፣ በግራ እጇ የቀኝ አንጓዋን ያዘችው፣ አልቆመም። ብዕሩን መለሰችልኝ። "አንቺ ሙይው።"

በቀን በሺህ የሚቆጠር እንዲጽፍ ማሽን ያዘዝኩ ሴት፣ ያቺን ምልክት በእጄ ጽፌ አላውቅም ነበር። ክፍተቱን ትቶ ማለፍ ነበር የኔ ሥራ። ጻፍኩት። አንዱ ዘንግ ረዘመ፣ ቀለሙ ጥግ ላይ ተጠራቀመ።

ጽጌ መነጽሯን አደረገች። "ጫፏ ከመስመሩ ወርዳለች። አፏም ከቁጥሩ በልጧል። ድገሚው።"

"ቦታው ሞላ እኮ።"

"ጠርዙ ላይ ድገሚ።"

ጠርዙ ላይ ደገምኩ። ከሥሩ ደግሞ ሌላ፣ ከሥሩም ሌላ፣ ብዕሩን ጥፍሬ ላይ እየሞከርኩ። ፀሐይዋ ከበሩ ወደ አጥሩ ዞረች፣ ጽጌ ወደ ፀሐይዋ ዱካዋን ሳትስብ እጄን ታያለች።

"ደረስኩ?" አልኳት።

"ገና" አለች።